የ1987 ፖርሽ 944 ልገዛ ነው፤ 400 ኪሎ ሜትር እየነዳሁ ልመልሰው ወይስ በሎቤድ ላስጭነው?

ቀይ_ኩፔ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስፈልገው የኖርኩት መኪና ተገኘ። የ1987 ሞዴል ፖርሽ 944፣ ባለ 2.5 ሊትር፣ 8 ቫልቭ፣ ማንዋል፣ ቱርቦ የሌለው። ሻጩ ሁለተኛው ባለቤት ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ ሰው ሲሆኑ ጉልበታቸውን ስላመማቸው ፍሪሲዮን መርገጥ ከብዷቸው ነው የሚሸጡት። መኪናው ሦስት ዓመት ያህል ጋራዥ ውስጥ ተሸፍኖ ቆሟል። አልፎ አልፎ እያስነሱ ሰፈሩን ያዞሩታል እንጂ ረጅም መንገድ አልወጣም።

ሄጄ አይቼዋለሁ። ሞተሩን ቀድመው እንዳያሞቁት በስልክ ለምኛቸው ስለነበር ቀዝቃዛውን ነው ያገኘሁት። ቁልፉን አንዴ ሲያዞሩት ተነሣ፣ ጭስም አላየሁም። ዳሽቦርዱ በፀሐይ ተሰንጥቋል፤ የሾፌሩ ወንበር ጠርዝ ተበልቷል። ብቅ የሚሉት የፊት መብራቶች ሁለቱም ይሠራሉ። ከሥር ገብቼ በባትሪ መብራት ሳየው በሮቹ ሥር ያለው ብረት ጤነኛ ነው፤ ክሪክ የሚገባበት ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ዝገት አለ። ቆጣሪው 148 ሺህ ኪሎ ሜትር ይላል።

የሚያሳስበኝ ይኼ ነው። የታይሚንግ ቺንጊያው (የሞተሩን የውስጥ ክፍሎች በተራ የሚያስኬደው የጎማ ቀበቶ) ተቀይሯል ወይ ብላቸው «አዎ፣ ከመቆሙ በፊት አስቀይሬዋለሁ» አሉኝ። ሰውየው ሐቀኛ ናቸው፤ የባትሪውም የካንዴላውም የማርሚታውም ደረሰኝ ሁሉ በፋይል ተሰድሮ ተቀምጧል። የቺንጊያው ግን የለም።

መኪናው ያለው ከቤቴ 400 ኪሎ ሜትር ርቆ ነው። ለዓመታት ያሰብኩት ቁልፉን ተቀብዬ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ ራሴ እየነዳሁ ወደ ቤት መምጣቱን ነው። በሎቤድ ተጭኖ ከመጣ የሆነ ነገር የሚቀርብኝ ይመስለኛል። ይኼን መኪና የምታውቁት ሰዎች ምን ትሉኛላችሁ?

---

ባለ_944፦

እንኳን ደስ አለህ ወንድሜ። እኔ ይኼን መኪና ብዙ ዓመት ይዤዋለሁ፤ አብዛኛውን ሥራም በገዛ እጄ ነው የሠራሁበት፤ ስለዚህ መልሴ ይረዝማል፣ ታገሠኝ።

ንዳው። ግን ቺንጊያው ሳይቀየር ከሻጩ ጋራዥ እንዳታስወጣው።

ምክንያቱን ልንገርህ። የዚህ ሞተር ፒስተንና ቫልቭ አንድ ቦታ ነው የሚጋሩት፤ ተራ ጠብቀው ነው የሚገቡበት። ተራውን የሚያስጠብቀው ደግሞ ቺንጊያው ነው። እሱ ከተበጠሰ ወይም ጥርስ ከዘለለ ተከፍቶ የቀረውን ቫልቭ ፒስተኑ መጥቶ ይመታዋል፣ ቫልቩም ይታጠፋል። ከዚያ በኋላ ቴስታታ (ቫልቮቹ ያሉበትን የሞተሩን የላይኛ ክፍል) ማውረድ ነው፤ የጥገናው ወጪም መኪናውን ከገዛህበት ዋጋ ጋር ሊወዳደር ይችላል። ቺንጊያ ሊበጠስ ሲል ድምፅ አይሰጥህም፣ መብራትም አያበራልህም። በ3 ሺህ ዙር በሰላም እየሄድክ ድንገት ዝም ይላል፤ አለቀ።

ቺንጊያ በኪሎ ሜትር ብቻ አያረጅም። ጎማ ነው፤ ቆሞም ያረጃል። መኪና ሲቆም ደግሞ አንድ ቦታ ላይ ታጥፎ ነው የሚከርመው። ይኼን ሞተር የሚያውቁ መካኒኮች በአብዛኛው ከ4 ዓመት ወይም ከ50 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ እንዲቆይ አይፈቅዱም፤ ከሁለቱ የቀደመው ሲደርስ ይቀይሩታል። አባታችን «ከመቆሙ በፊት» ያሉት እውነት ቢሆን እንኳ ሦስቱ ዓመት ሄዷል፤ ከመቆሙ ስንት ጊዜ በፊት እንደሆነ ደግሞ አታውቅም። ስለዚህ የሰውየውን ሐቀኝነት መመዘን አያስፈልግህም። ደረሰኝ የሌለው ቺንጊያ እንዳልተቀየረ ይቆጠራል፤ እኔ ይኼን ሕግ ለወንድሜ መኪናም አላነሣለትም።

ስታስቀይር አንዱን ብቻ አስቀይረህ እንዳትመለስ። ሁለት ናቸው። አንዱ ካምሻፍቱን፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ፣ የሚያዞረው ነው። ሁለተኛው የሞተሩን ንዝረት የሚያጠፉትን ሁለት የሚዛን ዘንጎች ያዞራል። 4 ሲሊንደር ሆኖ 2.5 ሊትር ትልቅ ስለሆነ ሞተሩ እንዳይንቀጠቀጥ የተደረገ መላ ነው፤ የዘንጎቹ አሠራር ፈቃድም ከሚትሱቢሺ የተወሰደ ነው። ይኼ ሁለተኛው ቺንጊያ ቢበጠስ ብቻውን ሞተር አያጠፋም፤ ቁራጩ ግን ዋናው ውስጥ ገብቶ ሊያዘልለው ይችላል። ስለዚህ ሁለቱም፣ ከነሱም ጋር የሚወጥሯቸው ሮለሮች ይቀየሩ። የውሃ ፓምፑንም የሚያዞረው ያው ዋናው ቺንጊያ ነው፤ ፓምፑ ዛሬ ደህና ቢመስልም የሚንጠባጠብበት ቀን ሲመጣ ያንኑ ሁሉ እንደገና መፍታት ስለሚሆን አብሮ ይውጣ። ከፊት ያሉት ዘይት እንዳይፈስ የሚያሽጉት ሲሎችም እንደዚሁ። ዘይት ያገኘው ቺንጊያ ቶሎ ይበላሻል።

አንድ ጥሩ ነገር አለህ፤ ከ1987 ሞዴል ጀምሮ ዋናውን ቺንጊያ በስፕሪንግ የሚወጥር መሣሪያ ተገጥሞለታል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት በእጅ ነው የሚወጠሩት። የሚዛኑ ግን ያንተም ላይ በእጅ ነው፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ያፏጫል። ፉጨቱን ከሰማህ ለመካኒኩ ንገረው። አዲስ ቺንጊያ ትንሽ ስለሚለጠጥ ከ2 ሺህ እስከ 3 ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄድክ በኋላ ውጥረቱ እንደገና ይታይ።

የ1987 ሞዴል መሆኑን ደግሞ ከሻሲ ቁጥሩ አረጋግጥ። ከ17ቱ ፊደልና ቁጥር 10ኛው የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፤ «ኤች» ከሆነ 1987 ነው። ቆጣሪውን ግን ብዙ አትመነው። በነዚህ መኪኖች ቆጣሪ ውስጥ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ ጥርስ በዕድሜ ትሰነጠቅና የፍጥነት መርፌው እየሠራ ኪሎ ሜትሩ ቆሞ ይቀራል። ማንም ሳያጭበረብር 148 ሺህ ላይ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ሰፈሩን ስታዞረው የመጨረሻዋ ቁጥር መንቀሳቀሷን እይ፤ አባታችን የሰደሯቸው ደረሰኞች ላይም ኪሎ ሜትር ተጽፎ ከሆነ በቅደም ተከተል አወዳድራቸው።

ሌላው ነዳጅ ነው። ኮፈኑን ክፈትና ወደ ሞተሩ የሚገቡትን የቤንዚን ቱቦዎች በጣትህ ዳስሳቸው። ከደረቁ፣ ከተሰነጠቁ ወይም ጣትህ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩን አታስነሣው፤ የዚህ መኪና እሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከዚያ ነው። ታንከሩ ውስጥ የከረመውን ቤንዚን አስቀድተህ አስወግድ፤ ፊልትሮውንም ቀይር።

የውሃ ማጠራቀሚያውን ክዳን ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ክፈተው። ውስጡ ቡናማ ቅባት ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የዘይት ማቀዝቀዣው ሲል ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ የታወቀ በሽታ ነው። ብዙ ሰው የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ነው የተበላው ብሎ ደንግጦ መኪናውን ትቶት ይሄዳል። ሲሉ ርካሽ ነው፤ ዋጋው ሥራው ላይ ነው።

ፍሪሲዮኑን ደግሞ ስታዞረው በደንብ ፈትነው፤ በከፍተኛ ማርሽ ዝቅ ባለ ዙር ነዳጅ ስትሰጠው ዙሩ ብቻውን ከወጣ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። የዚህ መኪና ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥኑ) ያለው ከኋላ ነው፤ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ረጅም ቱቦ ነው። ክብደቱ ከፊትና ከኋላ እኩል ለእኩል የተጠጋው፣ መታጠፊያ ላይም እንዲያ ልብ የሚያሞቅ የሆነው በዚሁ ነው። ፍሪሲዮን ለመቀየር ግን ጭስ ማውጫው መውረድ፣ ያ ቱቦም ወደ ኋላ መሳብ አለበት። የመካኒክ ሰዓቱ ብዙ ነው፤ የዋጋ ድርድርህ ውስጥ አስገባው።

---

ጠንቃቃው፦

ባለ 944 ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ መደምደሚያው ላይ ግን አልስማማም። በሎቤድ አስጭነው።

ቺንጊያው አዲስ ሆነ እንበል። ጎማው ስንት ዓመቱ ነው? የፍሬን ቱቦውስ? የራዲያተሩ ፋን ለመጨረሻ ጊዜ የዞረው መቼ ነው? እነዚህ ሁሉ አብረው ቆመዋል፤ ሲወድቁም አብረው ሊወድቁ ይችላሉ። ከሁሉም የከፋው ደግሞ ገና የመኪናውን ድምፅ አለማወቅህ ነው። የራስህን መኪና ስትነዳ አዲስ ድምፅ ሲመጣ ወዲያው ትሰማዋለህ። የሰው መኪና ላይ የትኛው ድምፅ ከጥንት የነበረ፣ የትኛው አሁን የጀመረ እንደሆነ በምን ታውቃለህ? ያንን ሳታውቅ 400 ኪሎ ሜትር በፈጣን መንገድ፣ ከኋላህ ከባድ መኪና እየተከተለህ? ቤትህ ይግባ፤ አንድ በአንድ ሥራው፤ ከዚያ 4 ሺህ ኪሎ ሜትርም ንዳው።

---

ባለ_944፦

ጠንቃቃው፣ የድምፁን ነገር ጥሩ አነሣኸው፤ እኔ ረስቼው ነበር። መፍትሔ ግን አለው። ቺንጊያው እዚያው ከሻጩ አካባቢ ባለ ጋራዥ ይቀየር፤ ጠያቂያችን ያን ቀን መንገድ አይጀምር። ቀኑን ሙሉ እዚያው አካባቢ ያዙረው፤ ዳገት ይውጣበት፣ ሰው የበዛበት መንገድ ላይ ቆሞ ፋኑ ሲነሣ ይስማ፤ እየተመለሰ ለመካኒኩ ያሳየው። ማታ ላይ የመኪናውን ድምፅ በግማሽ ያውቀዋል። ከዚያ ያልተመለሰ ጥያቄ ከቀረው ሎቤድ ይጥራ፤ በዚህ እስማማለሁ።

ጎማውን በተመለከተ፦ ጎኑ ላይ በሞላላ ክብ የታተሙ 4 አኃዞች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ፤ 2309 ካለ የ2009 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሦስት አኃዝ ብቻ ካየህ ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ አንድ ኪሎ ሜትርም አትሂድበት። ጥርሱ ጥልቅ መሆኑ አያታልህ፤ ከ10 ዓመት ያለፈ ጎማ ቢያምርም ይውጣ። ስኮርታውንም እይ።

---

መንገደኛዋ፦

እኔ 944 የለኝም፤ አሮጌ መኪና ከሩቅ እየገዛሁ ወደ ቤት መንዳት ግን የቆየ ልማዴ ነው። መካኒክ የማይነግርህን ልጨምር።

በቀን ብርሃን ተነሣ፤ ዝናብ ካለ ቀኑን አዛውር። ከመነሣትህ በፊት የባለቤትነት ወረቀቱና ኢንሹራንሱ ባንተ ስም ይሁን፤ «ቤት ስደርስ እጨርሰዋለሁ» የሚባል ነገር የለም።

የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ቀስ ብለህ ሂድና ሰፊ ቦታ ስታገኝ ቁም። ኮፈኑን ክፈት፣ አሽትት፣ ከሥር ጎንበስ ብለህ የሚንጠባጠብ ነገር ፈልግ። ከዚያ አራቱንም ቸርኬ መሐላቸው ላይ በእጅህ ጀርባ አስጠግተህ ሙቀታቸውን አወዳድር። ሦስቱ ለብ ብለው አንዱ ከፈጀ እዚያ ያለው ፍሬን ይዞ አልለቀቀም ማለት ነው፤ ቆሞ የከረመ መኪና ላይ በጣም የተለመደ ነው። በዚያው ከቀጠልክ የፍሬን ዘይቱ ይፈላና ፔዳሉ ወለል ይነካል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይጠጣል፤ ለዚህ ነው በየሁለት ዓመቱ ይቀየር የሚባለው። ያንተው ሦስት ዓመት ቆሟል፤ ቺንጊያው ሲሠራ አብሮ ይቀየር።

ታንከሩን አትሙላው፤ መጀመሪያ ግማሽ አድርግና ከታች እንዳይፈስ አረጋግጥ። ውሃ፣ የሞተር ዘይት፣ ፊውዝ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጓንት ያዝ። ሙዚቃ አትክፈት።

---

ባለ_944፦

እህታችን ስለ ፊውዝ ስታነሣ አስታወሰችኝ። የዚህን መኪና ሞተር መቆጣጠሪያ ሪሌ አዲስ ግዛና ኪስህ ውስጥ ያዝ። ትንሽ ሳጥን ናት፤ ዳሽቦርዱ ሥር የሪሌዎቹ ሰሌዳ ላይ ትሰካለች። ለቤንዚን ፓምፑም ለሞተሩ ኮምፒውተርም ኤሌክትሪክ የምትሰጠው እሷ ናት። በሙቀትና በዕድሜ ውስጧ ያለው ብየዳ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ሞተሪኖው ይዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሣም። ነቅለህ አዲሱን ስትሰካ ይነሣል። ከመነሣትህ በፊት ቦታዋን ፈልገህ አንዴ ነቅለህ ሰክተህ ተለማመድ፤ በጨለማ መንገድ ዳር አንገትን ከመሪ ሥር አስገብቶ መፈለግ ሌላ ነገር ነው።

የፊት መብራቱም አልነሣ ካለ ኮፈኑን ክፈትና ሞተሩ ላይ ያለችውን መዘውር በእጅህ አዙራት፤ መብራቶቹ ብቅ ይላሉ።

---

ቀይ_ኩፔ፦

ወንድሞቼ፣ እህቴ፣ መኪናው ቤቴ ገብቷል። ነድቼው ነው የመጣሁት። ለሌላ ሰው ይጠቅማል ብዬ የሆነውን በዝርዝር ልጻፈው።

ለሻጩ «ቺንጊያውን እዚሁ አስቀይሬ ነው የምወስደው» ስላቸው አልተቀየሙም። እንዲያውም ለዓመታት የሠራላቸው መካኒክ ዘንድ ራሳቸው ወሰዱኝና ወንበር ስበው ሥራውን እስከ መጨረሻው ተቀምጠው አዩ። ሽፋኑ ሲወርድ መካኒኩ አሮጌውን ቺንጊያ አውጥቶ ወደ ውጭ ለጠጥ አድርጎ አጎነበሰልኝ። በጥርሶቹ ሥር ስንጥቁ ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ አንደኛው ጎኑ ደግሞ በዘይት አብረቅርቋል። ከፊት ያለው ሲል ያፈስ ነበር። አባታችን ተቀብለው ብዙ ካገላበጡት በኋላ «ልጄ ከተወለደ በኋላ ነው ያስቀየርኩት ብዬ ነበር የማስበው፣ ትልቁ ልጄ ሲወለድ ይሆን እንዴ?» አሉ። ሆን ብለው አልዋሹኝም፤ ዓመታቱ ተደራርበውባቸው ነው።

ሁለቱም ቺንጊያ፣ ሮለሮቹ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ሲሎቹና የፍሬን ዘይቱ ተቀየሩ። ከፍሬኑ የወጣው ዘይት የሻይ ቀለም ነበረው። ውሃው ሲሞላ መካኒኩ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ከፍቶ፣ ላይ ያለችውን ማስተንፈሻ ቡሎን አላልቶ አረፋው እስኪያልቅ ጠበቀ። ያለዚያ አየር ሞተሩ ውስጥ ተይዞ ይቀርና መርፌው ልክ እያሳየ አንዱ ቦታ ይፈላል አለኝ። ጎማዎቹ አራቱም ዕድሜያቸው አልፎ ስለነበር አዲስ አስገባሁ። ቀኑን እዚያው አካባቢ ሳዞረው ዋልኩ፤ ከጓንት ሳጥኑ የሚመጣ ንጭንጭ የሚል ድምፅ ነበር፣ ያን ቀን ባልሰማው ኖሮ መንገድ ላይ በእርግጥ ያስቆመኝ ነበር።

በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። መጀመሪያ ስቆም መንገደኛዋ እንዳለችው እጄን ቸርኬዎቹ ላይ አስጠጋሁ፤ የኋላ ቀኙ ከሌሎቹ ይበልጥ ይፈጅ ነበር። ለመካኒኩ ደወልኩለት። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ደርቆ አልመለስ ብሎ እንደሆነ ጠረጠረ፤ በዚህ መኪና የእጅ ፍሬኑ ከኋላ ዲስኩ ውስጥ የራሱ ሸራ አለው። ከበረደ በኋላ ማንሻውን ደጋግሜ ስቤ ለቀቅኩት፣ ከዚያ ሜዳ ላይ በነፃ ማርሽ ስገፋው ቀለለኝ። ከዚያ በኋላ በቆምኩ ቁጥር በማርሽ ነው የተውኩት፤ ሙቀቱም እኩል ሆነ።

ስለ ንዳቱ ምን ልበላችሁ። መሪው እያንዳንዱን የመንገድ ስንጥቅ ለእጄ ይነግረኛል። ከ3 ሺህ ዙር በላይ ሲወጣ ድምፁ ይወፍርና ወንበሩ ከኋላ ይገፋል። የዘይት ግፊቱ ሞተሩ ሞቆ፣ መኪናው ቆሞ ሲሠራ 2 ተኩል ባር አካባቢ፣ መንገድ ላይ 4 እና ከዚያ በላይ ነበር። ተራራማው ቦታ ላይ በሦስተኛ ማርሽ ስታጠፍ መኪናው አንድ አካል ሆኖ ነው የሚዞረው፤ አፍንጫው አይወጣም፣ ጅራቱም አያመልጥም። እንዲህ ያለ ነገር ነድቼ አላውቅም።

«በሎቤድ አስጭነው» ያለው ወንድሜም አልተሳሳተም። ጎማውንና ፍሬኑን በጊዜ ያየሁት እሱ ስላስፈራራኝ ነው። ባለ 944፣ ቀጥሎ ምን ልሥራ?

---

ባለ_944፦

ደስ ብሎኛል፤ በጣም። አሮጌውን ቺንጊያ አልጣልከውም ብዬ አምናለሁ፤ መኪናውን ስትሸጥ ሳይሆን ሌላ ሰው እንዳንተ ሲጠይቅ ፎቶውን ታሳየዋለህ።

ቀጥሎ የእጅ ፍሬኑን ገመድ አስቀይር፤ ደጋግሞ በመሳብ የተላቀቀ ገመድ ተመልሶ ይይዛል። የቤንዚን ቱቦዎቹን ነገር አልጻፍክም፤ አርጅተው ከሆነ እስኪቀየሩ አትንዳው። ከዚያ የካምቢዮው ዘይት፤ ለዓመታት የማይነካ ስለሆነ ጥቁር ሆኖ ነው የሚወጣው። የሞተሩን ዘይት ከ1 ሺህ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ቀይረው፣ ቆሞ የከረመውን ቆሻሻ አሁን ነው የሚያጥበው። 2 ሺህ ሲሞላ ለቺንጊያው ውጥረት ጋራዥ ግባ። የዛሬውን ቀንና ኪሎ ሜትር በወረቀት ጽፈህ ከኮፈኑ ሥር ለጥፈው፤ ደረሰኙን ደግሞ አባታችን በሰጡህ ፋይል ውስጥ አስገባ።